በተከፈተ ክዳን የተፈተነው ኮምፒውተር

ያላረጋገጥነውን ነገር «አረጋግጠናል» ብለን ለሌላ ሰው ማስረከብ፣ ያ ሰው በእኛ ላይ የጣለውን እምነት መስረቅ ነው። ዕቃ የሰረቀ ሰው የሰረቀውን ሊመልስ ይችላል። በሐሰት ምስክርነት የተወሰደ እምነት ግን ቢመለስም እንኳ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ቀጥሎ የሚነበበው ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያጠፋው ተቀጥቷል፤ ቅጣቱም የሚገባው ነበር።

«በቃ፣ አለፈ! አየሽ አይደል?»

መብረቅ ይህን ያለው ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ፣ ጎል እንዳገባ ተጫዋች ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው። በስክሪኑ ላይ የፈተናው መስመሮች ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነው ተደርድረዋል። ከሁሉም በታች ደግሞ «ስሕተት፦ ዜሮ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ልጁ መብረቅ የተባለው ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስለሚሠራ ነበር፤ ሲበላም፣ ሲናገርም፣ ደረጃ ሲወርድም ያው ነው።

ጓደኛው ግን የምትመለከተው ስክሪኑን አልነበረም። እሷን ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ ሚዛን ይሏታል። ሰዓት እንኳ ብትጠየቅ አሰብ አድርጋ ነው የምትመልሰው። ሚዛን በዚያች ቅጽበት የምታየው የኮምፒውተሩን ጎን ነበር። የብረት ሳጥኑ ክዳን ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በተከፈተው በኩል ከመምህራን ማረፊያ ክፍል የመጣው ትልቁ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ጎን ለጎን በቆሙት ሁለት የራም ካርዶች ላይ ነፋሱን ያወርደዋል። መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጠዋቱ ቅዝቃዜ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል።

«ክዳኑስ?» አለች።

«ክዳኑ ምን ሆነ?»

«ተከፍቷል።»

«የምንፈትነው እኮ ራሙን ነው! ክዳን ደግሞ ፈተና ይወድቃል እንዴ?»

ሚዛን ሳታስበው ሳቀች። ባትስቅ ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር ትናገር ነበር።

ክፍሉ ከትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ጫፍ ላይ የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማከማቻ ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ የኳስ ጎማ ይሸታል። አሁን የኮምፒውተር ክበቡ መሥሪያ ሆኗል። የክበቡ አባላት በዚያ ዓመት የሚደክሙት በራም ፍጥነት ላይ ነበር። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው በአእምሮው የሚይዝበት ክፍል ነው። ፋብሪካው «እስከዚህ ድረስ በአስተማማኝ ይሮጣል» ብሎ የወሰነለት ፍጥነት አለው። የሚደፍር ሰው ቮልቴጁን ጥቂት ከፍ አድርጎ ከዚያ በላይ ሊያስሮጠው ይችላል፤ ይህንን ኦቨርክሎክ ይሉታል። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ የሚሮጥ ራም፣ በተለይ ሲሞቅ፣ የያዘውን ያዛባል። የክበቡ መምህር ይህን ሲያስረዱ፣ «ሩጫ ያበዛ አስተናጋጅ አስቡ» ይሉ ነበር። «ሻይ ያዘዘው ለስላሳ ይቀርብለታል። ክፋቱ ግን አስተናጋጁ መሳሳቱን አለማወቁ ነው። በኩራት ነው የሚያቀርብላችሁ።»

ስለዚህ ፍጥነቱ በተጨመረ ቁጥር ፈተና አለ። የፈተናው ፕሮግራም በራሙ እያንዳንዷ ክፍል ላይ ቁጥር ይጽፍና መልሶ ያነበዋል። የተነበበው ከተጻፈው ከተለየ ቀይ መስመር ይወጣል። አንድ ቀይ መስመር ከታየ ያ ፍጥነት ወድቋል፤ ይግባኝ የለውም። መምህሩ ለዚህ ያወጡት ደንብ አጭር ነበር። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ተዘግቶ ነውና ሲፈተንም ተዘግቶ ይፈተን። ፍጥነቱን ከጨመረው ልጅ ሌላ አንድ ምስክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ ይቀመጥ። በመጨረሻም መምህሩ ይመጡና ምስክሩን ዓይን ዓይኑን እያዩ «እንደ ደንቡ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምስክሩ «እንደ ደንቡ» ካለ ነገሩ አበቃ። ፊርማ የለ፣ ወረቀት የለ። አንድ ሰው ጠይቆ ሌላው መመለሱን በቂ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

በዚያ ጠዋት ምስክሯ ሚዛን ነበረች። የመጣችው ዘግይታ ነው። መማሪያ መጽሐፍ እያነበበች ድምፅዋን ስትቀርጽ ቆይታ፣ ስትደርስ ፈተናው ተጀምሮ አገኘችው።

የመምህሩ ኮቴ ከመተላለፊያው ሲሰማ መብረቅ ክዳኑን አንሥቶ ገጠመ፣ ቡሎኖቹን በጣቱ አዞረ፣ ማራገቢያውን በእግሩ ገፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ወሸቀው። ይህን ሁሉ ያደረገው እየሳቀ ነው። ልጅቷን በዓይኑ ጠቀሳት።

«ምን ላይ ደረሳችሁ?» አሉ መምህሩ ሲገቡ። በደረት ኪሳቸው ሌሎች መምህራን እስክሪብቶ በሚሰኩበት ቦታ ጠመንጃ መፍቻ ይሰካሉ።

«ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ቲቸር! አንድም ስሕተት የለም!»

«ፋብሪካው ስድስት ሺህ ነው የሚለው።»

«ፋብሪካው እኛን አያውቀንማ!»

መምህሩ ፈገግ አሉ። መዳፋቸውን በተዘጋው ክዳን ላይ አሳረፉ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወደ ሚዛን ዞሩ።

«እንደ ደንቡ?»

ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ተመለከተች። እሱ ጆሮውን እያከከ ወለሉን ያያል። ስለዚህ ልጅ የምታውቀው ብዙ ነገር ነበር። መጀመሪያ ወደ ክበቡ ስትመጣ የራም ካርድ መንካት ፈርታ ነበር። «ቀጭ እስኪል ድረስ ጫኚው፣ አይሰበርም፤ ከተሰበረም እኔ ሰበርኩት እላለሁ» ያላት እሱ ነው። ካርዱ ቀጭ ብሎ ገብቶ ነበር።

«እንደ ደንቡ» አለች።

«ጎበዞች። እንግዲያው ከነገ ጀምሮ የንባቡን ሥራ በዚህ አድርጉት። በትምህርት ቤቶቹ ውድድር የምናቀርበውም ይኸው ይሆናል።» ወደ መብረቅ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አቅራቢው አንተ ነህ።»

«የንባቡ ሥራ» ያሉት ይህ ነበር። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ዓይናቸው የማያይ ጥቂት ተማሪዎች አሉ። የክበቡ አባላት መማሪያ መጻሕፍቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ በትንንሽ መቅረጫዎች ይቀርጻሉ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ከሁካታ ያጠራል፣ ያሳጥራል፣ ለማጫወቻ በሚመች መጠን ያሽጋል። ከዚያ በኋላ መቅረጫው ለሚቀጥለው ምዕራፍ ቦታ እንዲኖረው የቀድሞው ንባብ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም በኮምፒውተሩ ራም ውስጥ ያለፈው።

ከአድማጮቹ አንዷ የሚዛን ታላቅ እህት ነበረች። በዚያ ዓመት ለመልቀቂያ ፈተና ትቀመጣለች። ሚዛን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እታበባ ትላታለች፤ የሰፈሩ ልጆችም እሷን ሰምተው እታበባ ይሏታል። እታበባ ንባብ ስታዳምጥ ማጫወቻውን በእጥፍ ፍጥነት ታስኬደዋለች። ለሌላ ሰው የወፍ ጫጫታ የሚመስለው ድምፅ ለእሷ የጠራ ንግግር ነው። «እናንተ ዓይን ያላችሁ ሰዎች ስታነቡ እኮ ታንቀላፋላችሁ» እያለች በታናሽዋ ትቀልዳለች። «አንድ ገጽ እስክትጨርሱ እኔ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ።»

ወቅቱ ተለወጠ፤ ሙቀቱ በረታ። መምህራኑ ማራገቢያቸው የት እንደ ገባ እየተጠያየቁ በደብተር ይራገቡ ጀመር። ፍጥነቱ የተጨመረው ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ምዕራፍ ከምዕራፍ ያሽጋል። መብረቅ «በሚበረው» ኮምፒውተሩ መመካቱን አልተወም። እውነትም ይበር ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ እታበባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ላይ አንሥታ ጠየቀች።

«ይህን ምዕራፍ ያነበበው ማነው?»

«የቱን?»

«የባዮሎጂውን። ስለ ኩላሊት።»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ተንተባትበሻል።»

«እኔ? በፍጹም! እንደውም በጣም ያማረ ንባብ ነበር።»

«ነይ ስሚው አንቺ ያማረሽ።»

ሚዛን አጠገቧ ተቀመጠች። እታበባ ማጫወቻውን ወደ ተራው ፍጥነት መለሰችላት። የራሷ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ፦ «ደም ወደ ኩላሊት ከገባ በኋላ...» ቀጥሎ ብረት በብረት ላይ ሲፋቅ የሚመስል ሻካራ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም ንባቡ ከሌላ ዓረፍተ ነገር መካከል ብቅ አለ። በመካከል ያለው ጠፍቷል።

«ማጫወቻው ይሆናል» አለች ሚዛን።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ጓደኛዬም በሷ ማጫወቻ እንዲሁ ሆኖባታል፤ የሷ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ላይ ነው። አንዱ ምዕራፍ ጭራሽ አልከፈትም ብሏታል።» እታበባ የማዳመጫውን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «ባለፈው የልምምድ ፈተና ላይ የተሳሳትኩትን ጥያቄ ነግሬሽ አልነበር? አስተማሪያችን ‹መጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ የለም እንዴ?› አሉኝ። እኔ ፈጽሞ አልሰማሁትም። ደጋግሜ ያዳመጥኩት ምዕራፍ ነው። ከዚያ ወዲህ...»

«ከዚያ ወዲህ ምን?»

«ጭንቅላቴ መያዝ አቆመ ብዬ ፈርቼ ነበር። ለእማዬም አልነገርኩም።»

ይህን ያለችው በቀልድ ድምፅ አልነበረም። ለሚዛን በልቧ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ክዳን ታያት።

በማግስቱ በምሳ እረፍት ብቻዋን ወደ መሥሪያው ክፍል ገባች። መስኮቱን ዘጋች። የክዳኑን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀች። ፈተናውን ከመጀመሪያው አስነሥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች፤ ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሏል። መስመሮቹ አረንጓዴ ሆነው መውጣት ጀመሩ። ልጅቷ በዚያን ጊዜ የተመኘችው መሳሳቷን ነበር። ማጫወቻዎቹ ተበላሽተው፣ ወይም ንባቡ ላይ ራሷ ተንተባትባ፣ ብቻ ኮምፒውተሩ ነፃ ሆኖ እንዲገኝ። መዳፏን ክዳኑ ላይ ብታሳርፍ ብረቱ ሞቋል።

አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ተከተለው።

በሩ ተከፈተና መብረቅ ግማሽ ዳቦ በእጁ ይዞ ገባ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ስፈልግሽ...» አለና ስክሪኑን አየ። የጎረሰውን ማኘክ አቆመ።

«ተዘግቶ ነው» አለች ሚዛን።

«ስንት ነው ስሕተቱ?»

«አንድም ይበቃል።»

«አቦ አታካብጂ! ሚሊዮን ጊዜ ጽፎ፣ ሚሊዮን ጊዜ አንብቦ፣ አንዴ ሁለቴ ቢሳሳት...»

«ያ አንዴ እኮ የእታበባ ኩላሊት ላይ ነው የወደቀው!»

ልጁ ደነገጠ። «ኩላሊቷ ምን ሆነ?»

«ምዕራፉን ነው የምልህ!»

ሁለቱም በአንድነት ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ። ሚዛን ያዳመጠችውን ሁሉ ነገረችው፤ የተቆረጠውን ንባብ፣ አልከፈትም ያለውን፣ የልምምድ ፈተናውን ጥያቄ። «ጭንቅላቴ መያዝ አቆመ» ያለችውን ስትነግረው መብረቅ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እሺ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁኑኑ ወደ ስድስት ሺህ እናወርደዋለን። የተበላሸውን ፈልገን እንደገና እናነባለን። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጎዳም። ከውድድሩ በኋላ እኔ ራሴ ለቲቸር እነግራቸዋለሁ። እናቴን!»

«የቱ እንደተበላሸ በምን እናውቃለን?»

«እንሰማለና።»

«ሁሉንም? ሁለታችን ብቻ? እነሱ ፈተና ሊቀመጡ እኮ ነው።»

ልጁ ዳቦውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና መልሶ አኖረው።

«ውድድሩ ላይስ የትኛውን ፍጥነት ልትናገር ነው?»

መብረቅ ሲቸግረው የሚያደርገውን አደረገ፤ ጆሮውን አከከ። ከዚያ ድንገት ቀና አለ።

«አንቺስ? ‹እንደ ደንቡ› ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ለቲቸር የነገርኩት ቁጥሩን ነው። የተጠየቅሽው አንቺ፣ የዋሸሽውም አንቺ!»

በደለኛ ሰው ሲከሰስ የሌላውን በደል ያነሣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የተነሣው በደል እውነት ሲሆን ከበደለኛ አፍ መውጣቱ ሐሰት አያደርገውም። ሚዛን ይህን ተረድታለች። ስለዚህ አልተከራከረችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የተማረችውን ትምህርት አንዱንም አልሰማችም። ሁለት ሐሳቦች ይሟገቱባት ነበር። ብትናገር መብረቅ ውድድሩን ያጣል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራለትን። «ከተሰበረ እኔ ሰበርኩት እላለሁ» ያለ ልጅ ነው። ባትናገር ደግሞ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አዲሶቹ ምዕራፎች ጤነኛ ይሆናሉ፣ የድሮዎቹ ግን የት ላይ እንደ ጎደሉ ማንም ሳያውቅ በአድማጮቹ ጆሮ ውስጥ ይቀራሉ። የጎደለውን ያልሰማ ሰው ደግሞ ጎደለብኝ አይልም። ራሱን ይጠረጥራል።

ሲለቀቁ እታበባ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የታናሽዋን ክርን ያዘች፤ በሌላው እጅዋ ነጩን በትር አጥፋ ይዛለች። ጥቂት እንደሄዱ ሚዛን መናገር ጀመረች። ክዳኑን፣ ማራገቢያውን፣ «እንደ ደንቡ» ያለችውን፣ ቀዩን መስመር፤ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

እታበባ ቆመች።

«እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ራሴን ስሰድብ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አላወቅኩም እታበባ። እውነቴን ነው። ክዳኑን ግን አይቼ ነበር።»

«አይተሽ ነበር።»

«አዎ።»

እታበባ እጅዋን ከታናሽዋ ክርን ላይ አነሣች። የታጠፈውን በትር ዘረጋችና መሬቱን እየነካካች ብቻዋን መራመድ ጀመረች።

«ቆይ እንጂ እታበባ! መንገዱ እየተቆፈረ ነው!»

«ጉድጓዱን በትሬ ይነግረኛል፤ እሱ አይዋሸኝም።» ጥቂት ርምጃ ሄዳ ፊቷን ሳታዞር ጨመረች፦ «ለመምህራችሁ ስትነግሪ የልጁን ብቻ እንዳትናገሪ።»

«ስትነግሪ» አለች እንጂ «ከነገርሽ» አላለችም። ሚዛን እህቷ የመንገዱን ማዕዘን በደኅና እስክትታጠፍ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች።

መብረቅ በመሥሪያው ክፍል ውስጥ አቀርቅሮ ፍጥነቱን እያወረደ ነበር።

«ቲቸር ጋ ልሄድ ነው» አለች ከበሩ ላይ ቆማ። «አብረን እንሂድ?»

ዞሮ አላያትም። «የራስሽን ተናገሪ።»

«የራሴን ነው የምናገረው። የኔ ውስጥ ግን አንተም አለህ።»

ጠበቀችው። አልተነሣም። ብቻዋን ሄደች።

መምህሩ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ኮምፒውተሩ አልነበረም።

«ስጠይቅሽ ለምን ‹እንደ ደንቡ› አልሽ?»

«ጓደኛዬ ስለሆነ ነው ቲቸር።»

«እህትሽስ ምንሽ ናት?»

ሚዛን አንገቷን ደፋች። መምህሩም መልስ አልጠበቁም፤ ተነሥተው ወደ መሥሪያው ክፍል ሄዱ፤ እሷም ተከተለቻቸው።

መብረቅ መጀመሪያ ካደ። «ተዘግቶ ነው የፈተንኩት ቲቸር። እሷ ዘግይታ ነው የመጣችው፤ በደንብ አላየችም።»

መምህሩ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር የማራገቢያውን ገመድ ሳቡ። ማራገቢያው ወለሉን እየፋቀ አቧራውን ለብሶ ወጣ።

«መምህራኑ ይህን ፍለጋ ያላዩት ቁም ሣጥን የለም» አሉ። «ክፍሉን የሚያጸዱትን ሴትዮ እንኳ ጠይቀናል። እሳቸው ‹እኔ ማራገቢያ ምን ያደርግልኛል?› ብለው አዝነው ነው የሄዱት። አሁን ንገረኝ፤ ይህ እዚህ ምን ይሠራል?»

ልጁ ማራገቢያውን አየ። ከዚያ ሚዛንን አየ። ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ተከፍቶ ነው» አለ። «ሲዘጋ ይሳሳት ነበር። ከመምጣቷ በፊት ዘግቼ ሞክሬው ወድቋል። እያወቅኩ ነው።»

ይህን ሚዛንም አታውቅም ነበር። እሷ ልጁ ቸል ያለ መስሏት እንጂ አውቆ አጥፊ ነው ብላ አላሰበችም። ልጁ ራሱ ባይናገር ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

ቅጣቱ በሚቀጥለው ቀን በክበቡ አባላት ሁሉ ፊት ተነገረ። መብረቅ ከውድድሩ ተሰረዘ። ሌላ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ስላልነበረ ትምህርት ቤቱም በዚያ ዓመት ሳይወዳደር ቀረ። የመሥሪያው ክፍል ቁልፍ ተወሰደበት፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የማንኛውንም ኮምፒውተር ፍጥነት እንዳይነካ ተከለከለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ዓይናቸው በማያይ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ያደረገውን በራሱ አፍ ተናገረ። አንዱ ተማሪ «እኔማ ያ ምዕራፍ ሳይገባኝ ሲቀር መምህሩን ነበር የረገምኩት» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። መብረቅ አልሳቀም።

ሚዛንም ከቅጣት አላመለጠችም። ከምስክርነት ተነሣች። በዚያ ኮምፒውተር ያለፉትን የራሷን ምዕራፎች ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ እንደገና አነበበች። እታበባ ለብዙ ቀን ክርኗን ሳትይዝ ሄደች። በኋላ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ የተቆፈረው መንገድ ጋ ሲደርሱ፣ ምንም ሳትናገር ያዘቻት።

የቅጣቱ ዋና ክፍል ግን ይህ ነበር። መብረቅ በዚያ ኮምፒውተር የታሸገውን ንባብ ሁሉ፣ የማንም ንባብ ይሁን፣ ተቀምጦ እንዲያዳምጥ ታዘዘ፤ በተራው ፍጥነት፣ መጽሐፉን ከፊቱ ከፍቶ፣ አንድም ቃል ሳይዘል። የጎደለውን ባገኘ ጊዜ ራሱ ያነበዋል። ከዚያ ወስዶ ለእታበባ ያስረክባል። ሌሎች ልጆች ሜዳ ላይ ሲጫወቱ እሱ በመሥሪያው ክፍል መስኮት ሥር ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ ይታይ ነበር።

እታበባ ምዕራፉን ከእጁ ስትቀበል አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀዋለች።

«እንደ ደንቡ?»

መጀመሪያ ሰሞን «አዎ፣ አዎ» ብሎ ሮጦ ይሄድ ነበር። ፈተናው እየተቃረበ ሲመጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የኩላሊቱን ምዕራፍ ይዞ መጣ። እታበባ እጅዋን ዘርግታ ጠየቀችው። ልጁ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው።

«አንዴ ቆይ እታበባ» አለ። «መጨረሻው አካባቢ ሐሳቤ ሄዶብኝ ነበር።»

ምዕራፉን ይዞ ተመለሰ። ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያዳምጥ ጀመር።